ከአሮጌ የወይን ሐረግ ትንሽ የወይን እርሻ መጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢያቸው ውስጥ ከቤተሰብ የወረሱት ወይን ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ከአንድ አሮጌ ወይን እርሻ ይወጣል?

በደንብ ይወጣል። የታወቁት የወይን ዝርያዎች ሁሉ የተስፋፉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከግንድ ላይ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ። ዳስ ሞልቶ የተንሰራፋ አንድ ወይን በአንድ ገረዛ ብቻ ከመቶ በላይ ቁራጭ ሊሰጥ ይችላል። ግማሹ ቢደርቅ እንኳ ሃምሳ ችግኝ በእጃችሁ አለ ማለት ነው።

ዕድሜው አያስፈራችሁ። ስሎቬኒያ ውስጥ፣ ማሪቦር በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተዘረጋ ወይን አለ። ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም በዓመት ከ35 እስከ 55 ኪሎ ያፈራል፤ ከተማዋም ቅርንጫፉን እየቆረጠች ለወዳጅ ከተሞች ትሰጣለች። ግንዱ ቢያረጅም ዘንድሮ የወጣው ቀንበጥ ወጣት ነው። የምትተክሉትም እሱን ነው።

ከውጭ የመጣ የታወቀ ዝርያ ብተክል አይሻልም?

እኔን ከጠየቃችሁኝ አሮጌው ይቅደም። «በጣሊያን ጊዜ የተተከለ ነው» የሚባለው ያ ወይን ማንም ሳይረጨው፣ ማንም በወግ ሳይገርዘው፣ ስንት ክረምትና ስንት በጋ አሳልፎ እዚህ ደርሷል። ያንን ግቢ፣ ያንን አፈርና ያንን ዝናብ ችሎታል። ከውጭ የመጣ ችግኝ ይህን ገና አላሳየም።

ግን ፍሬውን በሐቀኝነት ቅመሱት። በደንብ በስሎም የሚኮመጥጥ ከሆነ መቶ ችግኝ ብታደርጉት ያው ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ተከታተሉት፤ መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚቀላ፣ ዘለላው በዝናብ ይበሰብስ እንደሆነ መዝግቡ። ሁለት አሮጌ ወይን ካላችሁ ደግሞ ለየብቻ ምልክት አድርጉባቸው።

ከፍሬው ውስጥ ዘሩን አውጥቼ ብዘራውስ?

ይበቅላል፤ ግን ያው ወይን አይሆንም። ከዘር የበቀለ ወይን ከወላጆቹ የተለየ አዲስ ወይን ነው፤ ልጅ አባቱን ቢመስልም አባቱን እንደማይሆን ሁሉ። ዓለም የሚያውቀው ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዝርያ እንዲህ ነው የተገኘው። ካበርኔ ፍራንክና ሶቪኞን ብላን በአጋጣሚ ተዳቅለው። ይህም በዘረመል ምርመራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

የአያታችሁን ወይን ራሱን የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ቁራጭ መትከል ነው። ወይም ደግሞ ቅርንጫፉን ከእናቱ ሳትለዩ አጎንብሳችሁ መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ ሥር ሲያወጣ ቆርጣችሁ ትወስዱታላችሁ። ይህ ለሁለት ለሦስት ችግኝ እጅግ አስተማማኝ ነው። ለእርሻ ግን አያደርስም።

ቁራጭ የሚወሰደው መቼ ነው?

ቀንበጡ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ተለውጦ ሲጠነክርና ዓይኖቹ (አዲስ ቀንበጥ የሚወጣባቸው እንቡጦች) ገና ሳያብጡ። በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ይህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅና ብርዳማ ጊዜ ነው። ወይኑን በየዓመቱ የምትገርዙት ከሆነ ሌላ ቀን መፈለግ አያስፈልግም። ስትገርዙ መሬት የወደቀው እሱ ነው ዘራችሁ።

ቁራጩ በትክክል እንዴት ይዘጋጃል?

ውፍረቱ የእርሳስ ያህል የሆነ ቀንበጥ ምረጡ። ከአውራ ጣት የወፈረውም፣ እንደ ክር የቀጠነውም ይቅር። ጫፉን ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ጣሉት። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጋችሁ፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን እንዲኖረው ቁረጡት። የታችኛውን ጫፍ ልክ ከዓይኑ ሥር ቀጥ አድርጉት። የላይኛውን ከዓይኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ በሰያፍ። ቁራጮቹ ሲቀላቀሉ ላዩንና ታቹን የምትለዩት በዚህ ነው። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው።

አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድሩት። የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ሙሉ። ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ፤ ሥሩን ያቃጥላል። ሁለቱ ዓይኖች አፈር ውስጥ ይግቡ፣ ቀሪዎቹ ከላይ ይሁኑ። ዙሪያውን በጣታችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት፤ ቁራጩና አፈሩ መካከል ክፍተት ከቀረ ሥሩ አየር ላይ ይቀራል። ጥላ ሥር አስቀምጡት። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ጭቃ አይሁን።

ዛሬ መትከል ካልቻላችሁ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ ፍሪጅ ታችኛው ክፍል አስገቡት። ለጥቂት ሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ቅጠል አውጥቶ ሲያስደስተኝ ድንገት ደረቀ። ምን አጠፋሁ?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሥር ወጥቷል ማለት አይደሉም። ቁራጩ በውስጡ ባጠራቀመው ምግብ ነው ያወጣቸው። ቅጠሉ ከሥሩ ቀድሞ ከወጣና ፀሐይ ከመታው ውኃው ያልቅበትና ይጠወልጋል። ሥር በደንብ እስኪይዝ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። «ሥር ይዞ ይሆን?» እያላችሁ አትጎትቱት፤ አዲሱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ወዲያው ይበጠሳል።

ጥላውን አጠናክሩ። አበባ የሚመስል ትንሽ ዘለላ ካወጣ በጥፍራችሁ ቆንጥራችሁ ጣሉት፤ ጉልበቱ ወደ ሥር ይሂድ። የድሮ ገበሬዎች የሚያደርጉት ሌላ ዘዴም አለ። ቁራጮቹን በእቅፍ አስሮ፣ ለጥቂት ሳምንታት ገልብጦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መቅበር። ወደ ላይ የዞረው የሥሩ ጫፍ ፀሐይ ካሞቀው አሸዋ አጠገብ ይሆናል፤ ዓይኖቹ ደግሞ ቀዝቃዛው ታች ይቆያሉ። ሥሩ እንዲቀድም ያግዛል። በኋላ ስትተክሉት ግን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መልሱት።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልገኛል?

በመስመሮች መካከል 2.5 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 1.5 ሜትር ብታደርጉ 500 ካሬ ላይ 130 ገደማ ወይን ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከ20 እስከ 30 ይበቃል። ገረዛና ክትትል ጊዜ ይበላል፤ ሥራውን በጥቂቱ ተለማምዳችሁ ብታሰፉት ይሻላል።

ቦታዬና አፈሬ ለወይን ይሆናሉ?

አሮጌው ወይን እዚያው ግቢ የሚያፈራ ከሆነ መልሱ በእጃችሁ ነው። ወደ ሌላ ቦታ የምትወስዱት ከሆነ ከሁሉ በፊት የውኃውን ነገር እዩ። ወይን ደረቅ ይችላል፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ግን ይታፈናል። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። በማግስቱም ውኃው ካለ፣ በተለይ ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ፣ መደብ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ ወይም ሌላ ቦታ ፈልጉ። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ለገበያ ያወጣው ከዝዋይ እርሻው ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አፈሩም አሸዋማ ነው። (ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል። የእናንተ ጣጣ ከዚያ ይቀላል።)

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ውርጭን አስቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለጋ ቀንበጥ ካገኘ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። እዚያ ከፍታ ላይ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት የድንጋይ ግድግዳ ሥር መትከል ይረዳል።

ድጋፉን ከምን ልሥራ?

ቋሚና ሽቦ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ምስጥ ባለበት አገር ግን ቶሎ ይበላል። ቢያንስ የመስመሩ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ቋሚዎች ብረት ወይም ኮንክሪት አድርጉ፤ የሽቦው ውጥረት ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ለሁለት ለሦስት ወይን ከሆነ የለመድነው ዳስ ግሩም ነው፤ ጥላውም ለቤተሰብ ነው።

መቼ ፍሬ አያለሁ?

በሦስተኛው ዓመት። በሁለተኛው የሚመጣውን ትንሽ ዘለላ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ያሳዝናል፣ ግን ግንዱ እንዲጠነክር ያስፈልጋል። ሙሉ ምርት ከአራተኛው ዓመት በኋላ ነው።

የመግረዣ ጊዜው በውጭ አገር እንደሚባለው ነው?

አይደለም። የኢንተርኔት ምክሮች ብዙዎቹ የተጻፉት በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው። እዚያ ወይኑ በብርዱ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ይተኛል፤ ገበሬውም ያኔ ይገርዛል። እኛ ጋ ወይን ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ዝም ካላችሁት ጫፍ ጫፉን ብቻ እያደገ፣ ታቹ ባዶ እየሆነ፣ አንዱ ዘለላ ሲበስል ሌላው እያበበ ይኖራል። እዚህ ወይኑን የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ገበሬው ነው፤ ውኃ በመቀነስና በመግረዝ።

ስሌቱ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ከገረዛ እስከ ብስለት አምስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ቆላ ላይ ያጥራል፣ ደጋ ላይ ይረዝማል። ፍሬው የበጋውን ፀሐይ ይዞ እንዲበስል ከፈለጋችሁ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግረዙ። ፍሬው የካቲትና መጋቢት ላይ ይደርሳል። መጋቢት ላይ ገርዛችሁ ሁለተኛ ምርት ብትሞክሩ ግን የሚበስለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በዝናብ ይበሰብሳል።

የእኛን የሚመስል የዝናብ ወቅት ያላት የሕንዷ ማሃራሽትራ ይህን በሁለት ገረዛ ፈትታዋለች። ሚያዝያ አካባቢ፣ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ፣ ቅርንጫፉን በጣም አሳጥረው ይቆርጣሉ። ይህ ለፍሬ አይደለም፤ በዝናቡ ወራት አዲስና ጠንካራ ቀንበጥ እንዲያድግ ነው። የሚቀጥለው ፍሬ ዓይን የሚፈጠረው በዚያ ቀንበጥ ላይ ነው። ከዚያ ጥቅምት ላይ ቀንበጡን ረዘም አድርገው ይገርዙና ፍሬውን ያስወጡታል። ለኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከዚህ የተሻለ አርአያ አላየሁም።

አሮጌው ወይን ለሃያ ዓመት አልተገረዘም። አሁን ብቆርጠው ይሞታል?

በአንዴ ከቆረጣችሁት ሊጎዳ ይችላል። በሦስት ዓመት ከፋፍሉት። በመጀመሪያው ዓመት የደረቀውን ሁሉ አውጡና ከግንዱ ሥር አካባቢ የወጡ ሁለት ሦስት ጤነኛ ቀንበጦችን አስቀሩ። እነሱ ሲጠነክሩ በሚቀጥሉት ዓመታት የላዩን አሮጌ ክንድ አንድ በአንድ ታነሣላችሁ። ትልቅ ቁስል የሚፈጥር ቆረጣ በደረቅ ቀን ይሁን፤ በዝናብ ከተቆረጠ ሻጋታ በቁስሉ ገብቶ ግንዱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ከቁርጡ ውኃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ። ሥሩ መሥራት መጀመሩ ነው።

በየዓመቱ ያብባል፤ ፍሬ ግን የለውም። ለምን?

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ጥላ። ፀሐይ ያላገኘ ዓይን ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ በአበባ ጊዜ ዝናብ ደጋግሞ ከመታው ፍሬው ሳይቋጠር ይረግፋል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከውጭ የመጡ ብዙ ወይኖች የሚተከሉት በሌላ ወይን ሥር ላይ ተከትበው ነው፤ ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ ሥር ባለው በሌላ ወይን ግንድ ላይ ተጋጥሞ አብሮ እንዲያድግ ተደርጎ። ላይኛው ከሞተና ከሥር የበቀለው ከተረፈ፣ ዛሬ የምታዩት ወይን የተከተበበት የሥር ግንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የሥር ግንዶች ብዙዎቹ ወንድ ናቸው፤ ያብባሉ፣ አያፈሩም። ከመሬት አጠገብ ግንዱ ላይ የክተባ እባጭ ካለና ቅርንጫፉ ከእባጩ በታች ከወጣ ነገሩ ይኼው ነው። ይህን ለእርሻ አታባዙት። ጥሩ ወይን ልትከትቡበት ግን ትችላላችሁ።

ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ይበላሻል። ምን ልርጭ?

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። በቅጠሉና በፍሬው ላይ አመድ የተነሰነሰ ከመሰለ በድኝ ዱቄት ይከላከሉታል። ፀሐዩ በበረታበት ሰዓት ግን አትርጩ፤ ቅጠሉን ይጠብሳል። ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። እርጥበት ይወዳል፤ መከላከያውም ከመዳብ የተሠራ መድኃኒት ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት አየር ይግባበት። በዘለላዎቹ ዙሪያ ያሉትን ቅጠሎች አሳሱ፣ የረገፈውን ጠርጋችሁ አውጡ። ውኃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታጠጡ።

ወፎቹንስ?

መረብ። ጥቂት ዘለላ ከሆነ እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት አስሩት። ቆርቆሮ ማንጠልጠል ለሁለት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይለምዱታል።

የወይኔን ዝርያ ስም እንዴት አውቃለሁ?

በፍሬው ቀለም ብቻ አይታወቅም። ቅጠሉ የበለጠ ይናገራል፤ ስንት ቦታ እንደተሰነጠቀ፣ ጠርዙ፣ ጀርባው ላይ ፀጉር መኖሩ። የለጋውን ጫፍ፣ የሙሉ ቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ የዘለላውን ፎቶ አንሡ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በወይን ላይ የሠራ ተቋም ነው፤ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

እርግጠኛው መንገድ የዘረመል ምርመራ ነው። ውጤቱ በጀርመን ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የወይን ዝርያዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ስሙ እስኪገኝ ግን ተከላውን አታዘግዩ፤ «የአያቴ ወይን» ብላችሁ መዝግቡት፤ ይበቃል።

አሮጌው ወይን በሽታ ካለው ወደ ችግኞቹ ይተላለፋል?

ቫይረስ ከሆነ አዎ፣ ሁሉም ላይ። በጥቁር ፍሬ ወይኖች ላይ በፍሬ ማብሰያው ወራት ቅጠሉ ወደ ታች ተጠቅልሎ ከቀላና ጅማቶቹ አረንጓዴ ከቀሩ ጠርጥሩ። ነጭ ፍሬ ላይ ምልክቱ እምብዛም አይታይም። ተክሉን ቶሎ አይገድለውም፤ ፍሬው ግን ዘግይቶ ይበስላል፣ ስኳሩም ይቀንሳል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ ጥቃቅን ቁራጭ ወስዶ በቤተ ሙከራ በማሳደግ፣ ማጽዳት ይቻላል። ካልሆነ ከምልክት ነጻ ከሆነው ግንድ ብቻ ቁረጡ። መቀሱንም ከግንድ ወደ ግንድ ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉ፤ ይህ ሌሎች በሽታዎችን ይከላከላል።

ቁራጩን በሻንጣ ወደ አሜሪካ ልውሰደው? ወይስ ከዚያ ላምጣ?

በሻንጣ በጭራሽ። አሜሪካ የወይን ቁራጭ ያለ ልዩ ፈቃድና ያለ ኳራንቲን አታስገባም። ወደ ኢትዮጵያም ቢሆን ተክል ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው።

ይህ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ በሄዱ የወይን ተክሎች ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ፈረንሳይ ገባች። የአገሪቱን የወይን እርሻ አብዛኛውን አወደመች። አውሮፓ የዳነው የራሱን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በመክተብ ነው። የእናንተ አሮጌ ወይን በራሱ ሥር የቆመ ሊሆን ስለሚችል ከሩቅ ቦታ አፈር የያዘ ችግኝ አጠገቡ አታምጡ።

ወይን ጠጅ ይወጣዋል? ዘቢብስ?

መቶ ተክል እያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ቢሰጥ 300 ኪሎ ነው። ከዚያ 180 ሊትር ገደማ ወይን ጠጅ፣ ማለትም 240 ጠርሙስ ይገኛል። ለቤተሰብና ለድግስ ከበቂ በላይ ነው። ለሽያጭ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከመትከላችሁ በፊት አጣሩ።

ለዘቢብ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ፍሬ አንድ ኪሎ ይወጣዋል። የበጋው ፀሐይ ላይ በወንፊት መረብ ተዘርግቶ በየቀኑ እየተገላበጠ ይደርቃል። ለቤተ ክርስቲያን ማበርከት ለምትፈልጉ፦ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ስለሆነ የአጥቢያችሁን ካህናት ቀድማችሁ አማክሩ።

ቤቱ በሚቀጥለው ወር ሊፈርስ ነው፤ ወቅቱም የቁራጭ ወቅት አይደለም። ምን ላድርግ?

ወቅት አትጠብቁ። ዛሬውኑ ቁረጡ። ቡናማ ቀንበጥ ካለ ከላይ እንደተባለው አዘጋጁት። አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ጠዋት በማለዳ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ያለውን፣ ስታጎነብሱት የማይቀጭ ግን ጠንከር ያለውን ውሰዱ። የታችኛውን ቅጠል አንሡ፣ የላይኛውን ግማሹን በመቀስ ቁረጡ። እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተክላችሁ ላዩን በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍኑ። ጥላ ሥር ይሁን፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ ንፉበት። ከቡናማው የበለጠ ስለሚደርቅ ብዙ አድርጋችሁ ትከሉ።

ግንዱን ራሱን ማንሣትም ይሞከራል። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ላዩን ቁረጡ፣ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ርቃችሁ ቆፍሩ፣ አፈሩ ሳይረግፍ በጆንያ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ትከሉት። ያረጀ ግንድ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለዚህ ተስፋችሁን በቁራጮቹ ላይ አድርጉ። ሁሉንም አንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ ቢያንስ ለሦስት ቤት አካፍሉ። በየፕላስቲኩ ላይ የተወሰደበትን ሰፈርና ቀን በማይጠፋ ቀለም ጻፉ።